ዳም ኢት ወይስ ዳሚት?

በእንግሊዝኛ ቻት ስታደርጉ ወይም ታሪክ ስትጽፉ ይህቺ ቀለል ያለች እርግማን ታደናግራለች። በሁለት ቃል ትጻፍ ወይስ በአንድ? ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ተነጥላ ስትጻፍ (damn it)፦ ኤኗ አትነበብም ግን ትጻፋለች። ከላቲን የመጣች ናት፣ "ዳምኔሽን" ሲባል ድምፅዋ ይሰማል። እርግማንነቷ ስለሚታይ ከበድ ትላለች።

ተገጥማ ስትጻፍ (dammit)፦ አፍ እንደሚላት ናት። ኤኗ ትወጣና ኤሟ ትደገማለች። መደገሟን አትናቁ! በአንድ ኤም ብቻ ከጻፋችኋት አንባቢው "ዴይሚት" ብሎ ሊያነባት ይችላል። እኛ "አለ" ጠበቀም ላላም አንድ ዓይነት እንጽፈዋለን፣ እንግሊዝኛ ግን እዚህ ጋ ፊደል ይጨምራል።

አደጋው መሃል ላይ ነው፤ ገጥሞ ኤኗን ሳያወጡ መጻፍ (damnit)። ብዙ ሰው እንዲህ ይጽፋል፣ እኔ ግን ባትለምዱት እላለሁ።

ስልኩ ከእጁ ወድቆ መስታወቱ የተሰነጠቀበት ገጸ ባሕርይ ካላችሁ የተገጠመችው ትሻላለች፣ ፈጣን ናት። በንዴት ቃል በቃል ረግጦ ለሚናገር፣ ወይም "ኦል" ከኋላ ሲከተላት፣ ነጥሏት። ለአለቃ በሚላክ ኢሜይል ግን ሁለቱንም ተዉአቸው፤ የግድ ከሆነ "ዳርን" ትለሰልሳለች።