የስኮትላንድ ሰፋሪዎችን ዘር በአውስትራሊያ መዝገብ መፈለግ፦ የቱ ድረ-ገጽ ገንዘብ ይገባዋል?

ቀጥታ ልናገር። ከስኮትላንድ የመጣ የአውስትራሊያ ቤተሰብ ሐረግ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ነጻዎቹን ድረ-ገጾች ጨርሱ፣ ካርዳችሁን ከዚያ በኋላ አውጡ። የምኖረው ሜልቦርን ነው። የባለቤቴ ወገኖች በ1850ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከስኮትላንዱ ስካይ ደሴት ሜልቦርን ወዳለችበት ወደ ቪክቶሪያ ግዛት የመጡ ሰዎች ናቸው፣ አማቴም እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥር ሲሰሙ ሥራውን እኔ ላይ ጣሉት።

አንደኛ ትሮቭ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2009 የከፈተው ነው፣ አምስት ሳንቲም አያስከፍልም። የቅኝ ግዛት ዘመን ጋዜጦችን በስም ትፈልጉበታላችሁ፦ የሠርግ ዜና፣ የሞት ማስታወቂያ፣ የጠፋ ፈረስ፣ በአጥር የተካሰሱ ጎረቤታሞች፣ ምን የሌለ አለ! በሞት ማስታወቂያ ሥር የስኮትላንድ ጋዜጦች ዜናውን እንዲያትሙት የምትጠይቅ መስመር ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፣ እዚያ ማዶ ዜናውን የሚጠብቅ ዘመድ ነበረ ማለት ነው። ችግሩ ጽሑፉን ያነበበው ማሽን መሆኑ ነው። ቀለሙ የደበዘዘ ገጽ ላይ ዝብርቅርቁን ያወጣዋል። ደግነቱ ስህተቱን ማንም ሰው ማረም ይችላል፣ ሱስ ያስይዛል ብዬ አስጠነቅቃለሁ። «ማክ» የሚል ስም ስትፈልጉ ደግሞ በሙሉ ፊደሉም፣ በአጭሩም፣ ጋዜጦቹ እንደሚያደርጉት በኤም ፊደልና በጭረት ብቻም ሞክሩ። ከ1954 በኋላ ያለው ጋዜጣ ግን በቅጂ መብት ምክንያት አብዛኛው የለም።

ሁለተኛው የቪክቶሪያ የልደት፣ ሞትና ጋብቻ መዝገብ ነው። እዚህ ከሞት ጀምሩ። መንግሥት ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረው ቪክቶሪያ ውስጥ በሐምሌ 1853፣ ስኮትላንድ ውስጥ በጥር 1855 ስለሆነ፣ በ1852 መርከብ የተሳፈረ ሰው የመንግሥት የልደት ወረቀት በሁለቱም በኩል የለውም። የሞት ወረቀቱ ግን የአባትና የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቦታ፣ ቅኝ ግዛቱ ውስጥ የኖረበትን ዘመን፣ የት እንዳገባና ልጆቹን ጭምር ይዘረዝራል። ይሄን ሁሉ የተናገረው ሟቹ አይደለም እንግዲህ፣ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ነው፣ ስለዚህ የሟቹ አባትና እናት ስም ላይ ተጠንቀቁ። ማውጫውን መፈለግ ነጻ ነው፣ የወረቀቱ ምስል ያስከፍላል። ለዚህ ገንዘብ ስከፍል አልቆጨኝም።

የመርከቡን ነገር የቪክቶሪያ የሕዝብ መዛግብት ቤት ይዞታል። በመንግሥት ድጎማ የመጡት ከ1839 እስከ 1871 በስም ይገኛሉ፣ እሱም ነጻ። መዝገቡን ስትከፍቱ ሃይማኖቱ፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉ፣ ማን እንደቀጠረውና በስንት ደመወዝ ጭምር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከስኮትላንድ ደጋማ ክፍልና ከደሴቶቹ ድንቹ በበሽታ ከጠፋ በኋላ፣ ከ1852 እስከ 1857 ድረስ፣ አንድ የስደት ማኅበር 5,000 ያህል ሰው ወደ አውስትራሊያ ልኳል። የባለቤቴ ወገኖችም ከእነሱ ውስጥ ናቸው። የማኅበሩ ዝርዝር ያለው ግን ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የስኮትላንድ መንግሥት ድረ-ገጽ ላይ ነው።

ስኮትላንድስ ፒፕል ዓመታዊ ክፍያ የለውም። ክሬዲት ትገዛላችሁ፣ እኔ ስጠቀም 30ው 7 ፓውንድ ከ50 ነበር፣ አንድ የመዝገብ ምስል 6 ይበላል። በጣም የወደድኩት ሴቶቹን ነው። ባል ያገባች የስኮትላንድ ሴት በመዝገብ ላይ የአባቷ ስም አይጠፋም፣ እንደኛው ማለት ነው፣ የእንግሊዝን መዝገብ ለሞከረ ሰው ይሄ እፎይታ ነው። የጠላሁት ደግሞ የስካይን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፦ ብዙው ሰበካ ከ1800 ወዲህ የጀመረ ነው፣ ስሙም ተደጋጋሚ ነው። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባት አባት፣ ሁለተኛው በእናት አባት ስም ስለሚጠራ አንድ መንደር ውስጥ ዶናልዱ አያልቅም። የሞት ወረቀቱን ሳትይዙ እዚህ ከገባችሁ ክሬዲታችሁን ማቃጠል ነው።

ማስታወቂያው በየቦታው የሚከተላችሁ አንድ ትልቅ ዓመታዊ ክፍያ የሚጠይቅ ድረ-ገጽም ሞክሬ ነበር። ሳልነግረው ክፍያውን አደሰብኝ። እዚያ ያየሁት የሌሎች ሰዎች የዘር ዛፍ ደግሞ፣ እናት ከልጇ በሦስት ዓመት ታንሳለች! ይቅርብኝ።

አንድ ነገር ግን መዝገቦቹ አይነግሯችሁም። መሬት ያዘ ይላሉ፣ ከማን ላይ እንደያዘ ዝም። የቪክቶሪያን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ጊፕስላንድን፣ «ያገኘ» ተብሎ ሐውልት የቆመለት አንገስ ማክሚላን የስካይ ልጅ ነው፣ ስሙም የአካባቢው ነባር ባለመሬት ከሆነው ከጉናይኩርናይ ሕዝብ ጭፍጨፋ ጋር ይነሳል። በስሙ የተጠራው የምርጫ ክልል በ2018 ሞናሽ ተብሎ ተቀይሯል። የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የቅኝ ግዛት ጭፍጨፋዎች ካርታ ነጻ ነው፣ የቤተሰቡን መሬት ስታገኙ እሱንም አጠገቡ ክፈቱት። አማቴ መጀመሪያ ፊታቸው ቢጠቁርም በኋላ ራሳቸው አስከፍተውኝ አይተውታል።

ኑዛዜ ከፈለጋችሁ ከ1841 እስከ 1925 ያለው የቪክቶሪያ ፋይል ኦንላይን ነጻ ተለቋል፣ ላሙም ጋሪውም ከነዋጋው የተዘረዘረበት አለ። ኦንላይን ያልወጣውን ለማየት ሰሜን ሜልቦርን ያለው የንባብ ክፍል ሂዱ፣ ፋይሉን ቀድማችሁ እዘዙ፣ እስክሪብቶ ስለማይፈቀድ እርሳስ ያዙ።