የፈጣን ብድር መተግበሪያዎች፦ ማበደሩን ያውቁበታል፣ ማስመለሱን ግን…

ገንዘብ ቶሎ በማድረስ አይታሙም። የሚታሙት በአሰባሰባቸው ነው። ገና ሲጫኑ የስልክ ማውጫዎንና ፎቶዎን ለማየት ፈቃድ ከጠየቁ እዚያው ይተዉት፤ ቀኑ ሲያልፍ ለአለቃዎና ለዘመድ አዝማድ የሚደወለው ከዚያ ዝርዝር ነው። ጉግል ፕሌይ እንኳ እ.ኤ.አ. ከሜይ 31 ቀን 2023 ጀምሮ የግል ብድር መተግበሪያዎችን ይህን ከልክሏቸዋል፤ በሊንክ የሚላከውን ግን ማን ይቆጣጠረዋል? ፈቃዱን ሰጥተው ከሆነ፣ መተግበሪያውን ማጥፋት አስቀድሞ የተቀዳውን አይመልስም። ስድብና ዛቻ ሲመጣ እሰጥ አገባ ውስጥ አይግቡ፤ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ። ዋናውን፣ ወለዱንና ቅጣቱን ለይቶ የሚያሳይ የጽሑፍ መግለጫም ይጠይቁ። በሰብሳቢው የግል ሒሳብ ግን በጭራሽ አይክፈሉ፤ ከፍለውም ዕዳው በአበዳሪው መዝገብ ላይ እንዳለ ሊቀር ይችላል።