ገዳዩን ሳይነግሩ ሁለተኛ ቲኬት የሚሸጡትን የእራት ትያትር አዘጋጆች ተጠንቀቁ

በዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ትናንት ማታ ከተፈጸመብን ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ንዴቴ ሳይበርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በነበረ የሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የሚፈጸም አስቂኝ የግድያ ምርመራ ከእራት ጋር እናሳያለን የሚሉትን አዘጋጆች ታውቋቸዋላችሁ፤ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተው፣ «የቀረው ቦታ ጥቂት ነው» እያሉ አስቸኩለው፣ ገንዘቡን አስቀድመው ከሰበሰቡ በኋላ «ቲኬት አይመለስም» የሚሉት ናቸው።

ማስታወቂያቸው የፈረስ ኮቴ በኮኮናት ቅርፊት፣ የእሳት ድምፅ በሚጨማደድ ሴሎፎን (ስስ መጠቅለያ) እንደ ጥንቱ የሬዲዮ ድራማ መድረክ ላይ በእጅ ሲሠራ ያሳያል። የጠበቀን ግን በላፕቶፕ የሚለቀቅ ድምፅ ነበር። ይህንንም ቢሆን ችለነው ነበር፤ ምክንያቱም ድራማው በእርግጥ ያስቃል። አስተዋዋቂው የሳሙና ማስታወቂያ እያነበበ ማይክራፎኑ ሥር ወድቆ ይሞታል፤ ስርጭቱ ቀጥታ ስለሆነ ተዋናዮቹ ሬሳውን እየተሻገሩ ጽሑፋቸውን ማንበብ ይቀጥላሉ። በመሀሉ ገዳዩ ማን እንደሚመስለን በካርድ ላይ እንድንጽፍ አድርገው ካርዶቹን ሰበሰቡ።

በመጨረሻው ትዕይንት መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ማይክራፎኑ ዙሪያ አቆመ፣ የኦርጋን ድምፅ ተሰማ፣ እርሱም ጣቱን ቀስሮ «ገዳዩ» ብሎ አፉን እንደከፈተ ቀዩ የስርጭት መብራት ጠፋ። የትያትሩ ክፍል መስሎን ሁላችንም አጨበጨብን። ወዲያው የአዳራሹ መብራት በራና አንዲት ሠራተኛ በየጠረጴዛው እየዞረች ወረቀት አስቀመጠች፤ መፍትሔው በሚቀጥለው ወር፣ በሌላ ቲኬት፣ በዚያው ዋጋ እንደሚታይ የሚገልጽ ነበር። በገዛነው ቲኬት ላይ «ክፍል አንድ» የሚል ቃል የለም። ባለቤቴ «ታዲያ ማን ነው የገደለው?» ብላ ስትጠይቃት ልጅቷ ትከሻዋን ነቅንቃ አለፈች።

ኃላፊውን አግኝቼ ባነጋግረው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «የዚያ ዘመን ሬዲዮ እንዲህ ነበር፤ ታሪክ አንብብ» አለኝ፤ ከዚያም ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። ስንወጣ ግምታችንን የጻፍንባቸው ካርዶች በር አጠገብ ባለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተራረፈ ሰላጣ ጋር ተጥለው አየሁ።

የተናገረው ውሸት ነው። በዚያ ዘመን ተከታታይ ድራማ ነበረ፤ ነገር ግን ወጪውን የሚሸፍኑት እንደ ሳሙና አምራች ያሉ ድርጅቶች ስለነበሩ አድማጩ ቀጣዩን ክፍል ለመስማት አይከፍልም። የወንጀል ምርመራ ድራማዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ግማሽ ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ገዳዩን ይዘው የሚያበቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1939 የጀመረው ኤለሪ ኩዊን የተባለው የሬዲዮ ምርመራ ድራማ እንኳ ከመፍትሔው በፊት ቆም ብሎ ስቱዲዮ የተጋበዙ እንግዶችን ቢያስገምትም መልሱን በዚያው ምሽት ይናገር ነበር። ያንን የመሰለ ሙያ ስሙን ብቻ ወስደው ለመዝረፊያ ማዋላቸው እጅግ ያበሳጫል።

ከመክፈላችሁ በፊት ታሪኩ በአንድ ምሽት ማለቁን በጽሑፍ አረጋግጡ፣ ክፍያውንም በባንክ ካርድ አድርጉ። እኔ ዛሬ ጠዋት ለባንኬ አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ ትናንት እዚያ አዳራሽ የነበራችሁ ካላችሁ የቲኬታችሁን ፎቶ ላኩልኝ፣ አያይዤ አቀርበዋለሁ።