የስኪ ኪራይ ከዴንቨር፦ ቦቱ ምርጥ፣ ሙጫው ያለቀለት

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ የበረዶ ሸርተቴ ወዳጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ወደ ተራራው አናት የሚያወጣው የሊፍት ቲኬት ዋጋ አልቀመስ ካለ ወዲህ እኛ ጓደኛሞች በራሳችን እግር ወጥተን በስኪ መውረዱን ይዘናል። ባለፈው ቅዳሜ በርተድ ፓስ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ሄድን። ድሮ ሊፍት የነበረው ቦታ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተዘጋ በኋላ ግን ጉልበት ያለው ብቻ ነው የሚወጣው። እቃውን ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ተከራየን። ስሙን ልተወው፣ ያጋጠመኝ ነገር የትም ሊያጋጥም ይችላል።

መጀመሪያ ጥሩውን። ቦት የለካልኝ ልጅ አልቸኮለም። ወፍራም ካልሲዬን አስወልቆ ቀጭን አስደረገኝ፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አመላለሰኝ፣ ተረከዜ ከፍ ከፍ ሲል አይቶ ሌላ ቁጥር አመጣ። ሽቅብ ሲወጣ የቦቱ ተረከዝ ከስኪው ይለቀቃል፣ ቁልቁል ሲወረድ ይቆለፋል፣ ስለዚህ ልኩ ያልሆነ ቦት አድርጎ የወጣ ሰው አበሳውን ነው የሚያየው። እኔ ቀኑን ሙሉ እግሬ አንድም ቦታ ውሃ አልቋጠረም። ቢከኑንም፣ ማለትም የበረዶ ናዳ የቀበረውን ሰው የሚያስገኘውን መሣሪያ፣ ፊቴ አዲስ ባትሪ ከቶ አበራልኝ። ስልክ ሲግናሉን ስለሚረብሽ አራርቄ እንድይዝ ሳልጠይቀው ነገረኝ። አካፋውና የመፈለጊያው ዘንግ እዚያው ዋጋ ውስጥ ናቸው።

አሁን ወደ ስኪኑ። ስኪን ሽቅብ ስትወጡ ከስኪው ስር የምትለጥፉት ፀጉራም ጨርቅ ነው። ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን ይይዛል። የሚጣበቀው በሙጫ ነው፣ ሙጫ ደግሞ ብርድ አይወድም። በርተድ ከፍታው 3,446 ሜትር ነው፣ እንጦጦ አይደርስበትም። ጠዋት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር፣ ነፋሱ ሳይቆጠር።

የመጀመሪያው ሽቅብ ሰላም ነበር። ወርደን እንደገና ስንለጥፍ የግራው ስኪን ከኋላ በኩል ተነሳ። ጠረግኩት፣ ለጠፍኩት፣ ትንሽ ሄጄ ደግሞ ተነሳ። ገልብጬ ሳየው ጫፉ ላይ ሙጫው ሙልጭ ብሎ አልቋል፣ ባዶ ጨርቅ ነው የቀረው። ትንሽ ሙጫ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ነጭ የውሻ ፀጉር ተለጥፏል። አብሮን የወጣው ውሻ፣ የኛ ቡቺ፣ ጥቁር ነው! ጓደኛዬ የጎማ ማሰሪያ አውጥቶ ከስኪው ጋር ጠፍሮ ባያስረው ኖሮ ቀኑ እዚያው ነበር የሚያበቃው። ከዚያ በኋላ በወረድን ቁጥር ስኪኑን አጣጥፌ ጃኬቴ ውስጥ ደረቴ ላይ ነበር የምከተው፣ ሲሞቅ የቀረችው ሙጫ ትይዛለች።

ስመልስ ለልጁ አሳየሁት። አልተከራከረም፣ የስኪኑን ኪራይ መለሰልኝ። ግን ያንኑ ስኪን ከሌሎቹ ጋር ሲሰቅለው አየሁት፣ ይሄ አልጣመኝም።

ሌላው ያልወደድኩት፣ የናዳ ስልጠና ወስዳችኋል ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። መጠቀም ለማያውቅ ሰው ቢከን ጌጥ ነው። እኛ ጠዋት የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከልን ትንበያ አይተናል፣ አደጋው ከ5 ደረጃ ከታች 2ኛው ነበር። ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ከ30 በታች ባለው ላይ ብቻ ነው የሄድነው።

ለቡቺ ሱቁ የሚያከራየው ነገር የለውም። ማሸርስ ሲክሬት የሚባለውን ሰም ግዙ፣ ከመኪና ሳይወርድ መዳፉን ቀቡት። ባለፈው ዓመት ሳይቀባ ወጥቶ በጣቶቹ መሃል በረዶ እየተቋጠረ ሲያነክስ ነበር፣ ዘንድሮ ከሁላችን ቀድሞ ነው የወጣው። ስትወርዱ ግን አጠገባችሁ አይሩጥ፣ የስኪ ጠርዝ የውሻ እግር ይቆርጣል። እኛ አንድ ሰው ይዞት ቆሞ፣ ሌሎቻችን ወርደን ስንጨርስ ነው የሚለቀው። የቡቺ ባለቤት ቪዲዮውን አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ልኮላቸው "ለውሻው ጃኬት አለበስክ፣ አንተ ኮፍያህ የታለ?" አሉት።

ምሳ ሳንድዊች አትያዙ፣ ድንጋይ ይሆናል። ቆሎና ሻይ በፔርሙስ ይበቃል።

ቦትና ስኪ ከዚያው ሱቅ ደግሜ እከራያለሁ፣ ስኪኑን ግን የራሴን ልገዛ ነው። የምትከራዩ ከሆነ እዚያው ባንኮኒው ላይ ዘርግታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ ንኩት፣ ካልተጣበቀባችሁ አስቀይሩ። እቃውን ደግሞ አርብ ማታ ውሰዱ፣ ቅዳሜ ሱቁ እስኪከፈት ከጠበቃችሁ በርተድ ላይ መኪና ማቆሚያ አታገኙም።