ሳቢያን ላሉት በያጅ ጋሼ ምስጋናዬ ይድረሳቸው (ተሳቢ የምትጎትቱ አንብቡት)

ሰላም የድሬ ልጆች፣ እኔ ብዙ ጊዜ የምለጥፈው የማከራየውን ድንኳንና ወንበር ነው ዛሬ ግን ስለ ሌላ ሰው ነው።

ዕቃውን የምንወስደው በፒካፕ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አስረን ነው። ተሳቢዋ ከድሮም ትንሽ ትንሽ ትወዛወዛለች፣ አንዱ ጋራዥ ጋንቾው (ተሳቢዋን ከፒካፑ ጋር የሚያያይዘው ማያያዣ) ነው ብሎ ቀየረ፣ ሌላው ባሌስትራ ነው አለ፣ ብሩ ሄደ እሷ ያው ናት። ባለፈው ሀረር ሰርግ ጨርሰን ስንመለስ የደንገጎን ቁልቁለት እየወረድኩ ጭራዋን መቁላት ጀመረች፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ፒካፑን ራሱ ይዛው ትሄዳለች፣ ደንግጬ ፍሬን ስረግጥ ጭራሽ ባሰባት፣ ረዳቴ ዱዓውን ተያያዘው። አላህ አወጣን ብቻ።

በነጋታው ሰው ወደ ጋሼ ላከኝ። ባዶ ተሳቢ ይዤ ብሄድ «ባዶዋን ምን ላያት ነው፣ እንደምትጭነው ጭነህ አምጣት» አሉኝ። ጫንኩና ሄድኩ። አቦ የሚገርመው ምንም ሳይፈቱ መንገድ ላይ ሰው የሚመዝነውን ልጅ ከነሚዛኑ ጠሩት! ሜዳ ቦታ አቁመው ተሳቢዋን አስተካክለው የጋንቾውን ጫፍ በእንጨት ደግፈው ሚዛኑ ላይ አሳረፉት፣ 40 ኪሎ። ከዛ ቁጭ ብለን ደመርን፣ 120 ወንበር በሁለት ኪሎ ተኩል 300፣ ብረትና ሸራ 200፣ ጄኔሬተርና ድስቶች 150፣ ተሳቢዋ ራሷ 250፣ ጠቅላላ 900 ኪሎ። ጋንቾው ላይ ማረፍ ያለበት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው አሉኝ፣ የኔ ከ90 እስከ 135 መሆን ነበረበት ማለት ነው። ጥፋቱ የራሴ ነበር፣ ለማውረድ እንዲቀለኝ ጄኔሬተሩንና ድስቶቹን ሁሌ መጨረሻ ላይ ከኋላ ነበር የምጭነው፣ ኋላው ሲከብድ ፊቱ ይነሳል፣ ፊቱ ሲነሳ ጭራው ይጫወታል።

እኔ ደግሞ በስሜት ሁሉንም ወደፊት ላግዘው ስል ተቆጡኝ፣ እሱም ከበዛ የፒካፑ ቂጥ ይቀመጥና የፊት ጎማ ይቀላል መሪ አይታዘዝህም አሉ። ከባዱን ከጎማው ትንሽ ቀደም አድርገን ወንበሩን ከኋላ ደረደርን፣ እንዳይንሸራተት ጠፍረን አሰርነው፣ ድጋሚ ስንመዝን 110። ሰንሰለቶቹንም ከስር አጣምረው በመስቀለኛ አሰሩልኝ፣ ጋንቾው ቢያመልጥ መሬት እንዳይወጋ። ከተወዛወዘች ደግሞ ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ፍሬን ድንገት እንዳትረግጥ አሉኝ። እኔ እኮ ተቃራኒውን ነበር ያደረኩት።

የተቀበሉኝ የሰንሰለት ማሰሪያዋን ብየዳ ሂሳብ ብቻ ነው፣ የምክሩን ብጠይቅ «ሚዛኑን ለልጁ ክፈል» ብለው ሳቁብኝ።

ከዛ ወዲህ ሁለቴ ሀረር ደርሼ መጥቻለሁ፣ ደንገጎ ላይ ጸጥ ብላ ነው የምትከተለኝ። ጋሼ አቦ ይመችዎት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት!

የምትፈልጓቸው ኢንቦክስ አድርጉ ቦታውን እነግራችኋለሁ። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሙቀቱን ሽሽት ይዘጋሉ እስከ አስር ድረስ አይገኙም፣ ወሬም ስለሚወዱ ቸኩላችሁ እንዳትሄዱ። እና ጭናችሁ ሂዱ፣ ባዶ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል።