«አሸነፈ» ብሎ ያለፈው መዝገበ ቃላት

ለጥቂት ወራት የተገለገልሁበትን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት መተግበሪያ ለመመዘን አንድ ግስ መረጥሁ፤ እርሱም «ኦቨርካም» ነው። ይህ ግስ አሸናፊውና ተሸናፊው ቦታ የሚለዋወጡበት በመሆኑ፣ የአዘጋጁን ጥንቃቄም ሆነ ቸልተኝነት ቶሎ ያጋልጣል።

መተግበሪያው የሰጠው ፍቺ «አሸነፈ፣ ድል ነሣ፣ ተቋቋመ» የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስሕተት አይደሉም፤ ይሁን እንጂ በዛሬው እንግሊዝኛ ኦቨርካም ከጦር ሜዳ ይልቅ ከፍርሃት፣ ከዓይን አፋርነት፣ ከሕመምና ከእንቅፋት ጋር መነገሩ ይበዛል። አገር ወግቶ ለያዘ ሠራዊት «ኮንከር»፣ ዐመፅን ወይም ቁጣን ጸጥ ለማሰኘት ደግሞ «ሰብዱ» አለ። እኛም ብንሆን ችግርን «ተወጣ»፣ ቁጣን «ገታ»፣ ዐመፀኛን «አስገበረ» እንላለን እንጂ ሁሉን በ«ድል ነሣ» አንጠቀልለውም፤ «ዓይን አፋርነቱን ድል ነሣ» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «ተቋቋመ» የሚለው ፍቺ ግን ይበልጥ ያሳስታል፤ መቋቋም ችግሩ ሳይወገድ ችሎ መኖር ነውና ለ«ኮፕ» ይስማማል፣ ኦቨርካም ግን ችግሩ እንደ ተረታ ይናገራል።

ዋናው ጉድለት በተገብሮው፣ ማለትም ባለቤቱ ድርጊቱ የሚደርስበት ሲሆን በሚነገረው ቅርጽ ላይ ነው። «ሺ ወዝ ኦቨርካም ዊዝ ግሪፍ» ሲባል ያሸነፈው ሐዘኑ እንጂ ሴቲቱ አይደለችም፤ አማርኛው «ሐዘን በረታባት» ይላል። «ኦቨርካም ባይ ስሞክ» የተባለም ሰው ጭሱን ያሸነፈ ሳይሆን ጭስ አፍኖት የተዝለፈለፈ ወይም ራሱን የሳተ ነው። ደስታም እንደ ሐዘን ይገባበታል፤ ያን ጊዜ «ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆነ» ማለት ይቀርባል። መተግበሪያው ስለዚህ አገባብ አንድ ምሳሌ እንኳ አልሰጠም። የግሱን ሦስት ቅርጾች «ኦቨርካም፣ ኦቨርኬም፣ ኦቨርካም» ብሎ በትክክል ደርድሯቸዋል፤ ነገር ግን ሦስተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ምክንያት ጀማሪ ተማሪ «ወዝ ኦቨርካም»ን «አሸነፈች» ብሎ ሊያነብ እንደሚችል ያሰበበት አይመስልም። እኔ ራሴ በተማሪነቴ በዚሁ ተሰናክያለሁ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፍለጋውም ፈጣን ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ደግሞ ቃሉ ሲነገር ድምፁ የሚጎላው በመጨረሻው ክፍለ ቃል «ካም» ላይ መሆኑን በግልጽ ያሰማል፣ ይህንንም ከወረቀት መዝገበ ቃላት በጆሮ ማግኘት አይቻልም። አንድን ቃል በጥድፊያ ለሚፈልግ አንባቢ ይበቃል፤ ለሚተረጉም ሰው ግን ምሳሌዎች እስኪጨመሩለት ድረስ ብቻውን አይበቃም።