የባንኮክ ጀልባ ረዳቶች፣ እናመሰግናለን!

በባንኮክ የሴን ሴፕ ቦይ ላይ ለሚሠሩ የጀልባ ረዳቶችና ሾፌሮች ከልብ የመነጨ ምስጋና ይድረሳቸው። ለሕክምና፣ ለልብስ ንግድ ወይም ለሽርሽር ወደ ባንኮክ የምትሄዱ ሁሉ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ታክሲውን ትታችሁ በእነሱ ጀልባ ተሳፈሩ። የፔቻቡሪ መንገድ ጠዋትና ማታ በመኪና ሲታፈን ጀልባው ከጎኑ እየበረረ ያልፋል።

ቦዩ የተቆፈረው በታይላንዱ ንጉሥ በሦስተኛው ራማ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ ነው። የአሁኑ የሕዝብ ጀልባ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1990 ነው።

የረዳቶቹን ሥራ ማየት ብቻውን ያስደንቃል። ረዳቱ ሒሳብ የሚሰበስበው በጀልባው ውጫዊ ጠርዝ ላይ፣ እግር ብቻ በምታስቀምጥ ቦታ፣ ገመድ ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ነው። ሄልሜት የሚያደርገው ድልድዮቹ ዝቅተኛ ስለሆኑ ነው፤ በአንዳንድ ድልድዮች ሥር የጀልባው ጣሪያ ራሱ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ቆማችሁ ከሆነ ጎንበስ በሉ።

ረዳቱ ጀልባውን በገመድ የሚይዘው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚወርዱት እንደወረዱ፣ አንድ እጃችሁን ነፃ አድርጋችሁ ገመዱን ያዙ፤ ጠርዙን ረግጣችሁ ቶሎ ወደ ውስጥ ግቡ። ሰው የሚደናቀፈው ስልክ እያየ ወይም በሁለት እጁ ፌስታል ይዞ ሲሳፈር ነው። ትልቅ ሻንጣ ይዞ መሳፈር ፈጽሞ አይመከርም።

ከተቀመጣችሁ በኋላ ረዳቱ ራሱ ይመጣል። የምትወርዱበትን መሳፈሪያ ስም ንገሩት። ዋጋው እንደ ርቀቱ ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ 20 ባት ገደማ ይበቃል። ዝርዝር ያዙ፤ በዚያች ጠርዝ ላይ ቆሞ የ1000 ባት መልስ መቁጠር ከባድ ነው። ቲኬቱንም አትጣሉት፦ ፕራቱናም ላይ ሁሉም ወርዶ ጀልባ ይቀይራል፣ በዚያው ቲኬት ነው የሚቀጠለው።

በዳር የተቀመጠ ሰው ደግሞ ኃላፊነት አለበት። ሌላ ጀልባ ከፊት ሲመጣ ማዕበሉ ይረጫል፣ የቦዩ ውሃም ንጹሕ አይደለም። ያኔ ገመዱን ስቦ የፕላስቲክ ሸራውን ከፍ ማድረግ፣ መሳፈሪያ ሲደርስ መልቀቅ ነው። አፍን መዝጋትም አይከፋም!

የት ትወርዳላችሁ? ለልብስ ገበያ ፕራቱናም ወይም ቦቤ፤ ሁለቱም በጅምላ የሚሸጥባቸው ናቸው። ለሱኩምቪት መንገድ ሶይ (ቅያስ) 3 አካባቢ ናና ኑዋ ይቀርባል። ሳፓን ሁዋ ቻንግ አጠገብ የአሜሪካዊው የሐር ነጋዴ የጂም ቶምፕሰን የእንጨት ቤት አለ፤ ከቦዩ ማዶ ያለው የባን ክሩዋ ሙስሊም ሠፈር ሐሩን ይሸምንለት ነበር። ግን ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው መሳፈሪያ ፓንፋ ነው። እዚያ እንደወረዳችሁ 37 የብረት ጉልላት ያለው የሎሃ ፕራሳት ቤተ መቅደስ ቅርብ ነው፤ አናቱ ላይ ቤተ መቅደስ ያለበት ወርቃማው ተራራም በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። በመንገድ ላይ «ዛሬ ዝግ ነው፣ በቱክ ቱክ ሌላ ቦታ ልውሰድህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከተሉት፤ መጨረሻው የጌጣጌጥ ሱቅ ነው። በሩ ላይ ሄዳችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ከሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር የሚመጣ ማካሳን ላይ ወርዶ ወደ ፔቻቡሪ የምድር ባቡር ጣቢያ ይሻገራል፤ የአሶክ መሳፈሪያ እዚያው አጠገብ ነው።

ጀልባው ሌሊት አይሠራም፣ ቅዳሜና እሁድም ቀደም ብሎ ያቆማል። ከመሸ በከፍታ ባቡሩ ወይም ሚተር ባበራ ታክሲ ተመለሱ። ስትወርዱ ወንዶች «ኮብ ኩን ክራፕ»፣ ሴቶች «ኮብ ኩን ካ» በሏቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው።